የጃፓን ድራማ እንዴት ይታያል? ከእናቴ ጎን ቁጭ ብዬ የተማርኩት

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ሱቄ ድሮ ፒያሳ ነበር፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ አራት ኪሎ ተዛወርኩ። ደንበኞቼ ሱሪ ለማሳጠር ይመጡና እስኪደርስላቸው ቁጭ ብለው ስለ ድራማ እናወራለን። የቱርኩን ያወራሉ፣ የኮሪያውን ያወራሉ። እኔ የጃፓኑን ሳነሳ መልሱ ሁሌ አንድ ነው፤ «ሞክሬው ነበር፣ ግን ቀዘቀዘብኝ።»

ይህን የምጽፈው ቀዝቅዞባቸው ለተዉት ነው። እኔም የመጀመሪያውን ገና በመጀመሪያው ክፍል ላይ ትቼው ነበር። አሁን ግን ከእናቴ ጋር ስምንት ያህል ጨርሰናል። በመካከሉ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ቅሬታው የእኛ ብቻ አይደለም። በየአገሩ ያለ የውጭ ተመልካች የሚለው ይመሳሰላል። ዝምታ ይበዛዋል ይላሉ። ፍቅረኞቹ እጅ ለእጅ ለመያያዝ ግማሹን ድራማ ይፈጃሉ፣ ሲሳሳሙም እንደ እንጨት ደርቀው ነው ይላሉ። አንዳንዱ ተዋናይ ደግሞ በተቃራኒው ያበዛዋል፤ ዓይኑን አፍጥጦ ይጮኻል። መጨረሻውም ልብን ሳያሳርፍ ያልቃል። የሚወዱት ሰዎችም ብዙ ናቸው፤ የሚወዱበትን ምክንያት ስትጠይቋቸው ግን የሚነግሯችሁ ያንኑ ነው፤ ዝምታውን፣ ቀስታውን፣ ያልተቋጨውን መጨረሻ። አንድ ነገር አንዱን ሲያባርር ሌላውን የሚያስቀምጠው የሚያዩበት መንገድ ስለሚለያይ ነው። ስለዚህ የሚለመደው አተያዩ ነው።

መጀመሪያ፣ ሥራችሁን ጨርሱና ተቀመጡ። ከቃና ጋር የለመድነው ነገር አለ። በአማርኛ ስለተመለሰ ሽንኩርት እየከተፍን፣ ልብስ እየተኮስን በጆሯችን እንከታተለዋለን። ዓይናችን ሌላ ቦታ ቢሆን የሚያመልጠን ነገር ጥቂት ነው። የጃፓኑ ግን በአማርኛ የለም፤ በእንግሊዝኛ ሰብታይትል ነው የሚታየው። ከዚያ በላይ ደግሞ ዋናው ነገር የሚሆነው ማንም በማይናገርበት ሰዓት ነው። ሽንኩርቱን ቀና ብላችሁ እስክታዩ አልፏል። አርባ አምስት ደቂቃ ነው፤ ስልኩን አስቀምጡት።

ኢንተርኔቱ እንዳያስቸግራችሁ የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ አስቀድማችሁ አውርዱ። ከፍተኛ ጥራት አያስፈልግም። አብዛኛው ነገር ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ነው።

ከዚያ ርዝመቱን እወቁ። የጃፓን ጣቢያዎች ዓመቱን ለአራት ይከፍሉታል። አዳዲስ ድራማዎች በጥር፣ በሚያዝያ፣ በሐምሌና በጥቅምት አካባቢ ይጀምራሉ። አንዱ ድራማ አብዛኛውን ጊዜ አሥር ወይም አሥራ አንድ ክፍል አለው። በሳምንት አንድ፣ በሦስት ወር ያልቃል። ሁለተኛ ምዕራፍ የሚኖረው ጥቂቱ ነው። ይህን ሳታውቁ ከገባችሁ በሦስተኛው ክፍል ላይ «መቼ ነው የሚጀምረው?» ትላላችሁ። የተጀመረው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው።

ይህን ለደንበኞቼ ሳስረዳ አንድ ምሳሌ አለኝ፤ ሁሌም ያስገርማቸዋል። «ካዲን» የሚባል የቱርክ ድራማ አለ፤ ትርጉሙ ሴት ማለት ነው። ከ2017 እስከ 2020 ታይቷል፣ 81 ክፍል ነው። ታሪኩ የመጣው ከጃፓን ነው። «ዉማን» በሚል ርዕስ በ2013 የተሠራ ነው፤ 11 ክፍል። እነዚያው ድህነት፣ እነዚያው ሁለት ልጆች፣ ያቺው ለብቻዋ የምታሳድግ እናት። ቱርኮቹ ከዚያ በፊት በ2016 «አኔ» ብለው የሠሩትም የጃፓኑ «ማዘር» ነው፤ በ2010 የወጣ፣ እሱም 11 ክፍል። ሁለቱንም የጻፈው አንድ ሰው ነው፤ ዩጂ ሳካሞቶ ይባላል። ስለዚህ የቱርክ ድራማ አይታችሁ ካለቀሳችሁ የጃፓኑ ልብ የራቀ እንዳይመስላችሁ። ምናልባት ያለቀሳችሁት በእሱ ነው። ልዩነቱ ቱርኮቹ የሚናገሩትን ጃፓኖቹ ውጠው ይዘውት መሄዳቸው ነው።

እኔ ለመጀመሪያ የምመክረውም «ማዘር»ን ነው። ግን ከባድ መሆኑን ልንገራችሁ። አንዲት ምትክ መምህርት፣ ናኦ ትባላለች፣ በሰሜን ጃፓን ባለች ሙሮራን በምትባል የወደብ ከተማ ታስተምራለች። ሬና የምትባል ትንሽ ተማሪ አለቻት። ልጅቷ ቤቷ ውስጥ ትሰቃያለች። አንድ ቀዝቃዛ ሌሊት በቆሻሻ ከረጢት ታስራ ደጅ ተጥላ መምህሯ ታገኛታለች። ከዚያ ይዛት ትጠፋለች። እናትነት የጀመረችው ልጅ በመስረቅ ነው።

እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። ስለዚህ ጎኗ ቁጭ ብዬ ሰብታይትሉን በአማርኛ እያነበብኩላት ነው ያየነው። የጃፓን ድራማ እንዴት እንደሚታይ የተማርኩት ያኔ ነው፤ ምክንያቱም ቶሎ አንድ ነገር ላይ ተደናቀፍኩ። እንግሊዝኛው ለሁሉም ሰው አንድ «ዩ» ብቻ ነው ያለው። አማርኛ ግን አይለቅም። አንተ ልበል? አንቺ? እርስዎ? በመጀመሪያው ቀን ተማሪዋን መምህሯን «አንቺ» አስባልኳት። እናቴ ተቆጣች። «መምህሯን አንቺ ትላለች? እንዲህ ያለች ባለጌ ልጅ አትመስልም።»

እውነቷን ነው፤ አልነበረችም። ጆሮዬን ጣል ሳደርግ ልጅቷ «ሰንሰይ» ነው የምትለው፤ መምህር ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰብታይትሉን በዓይኔ እያነበብኩ ጆሮዬን ለስሞቹ ሰጠሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ጃፓንኛ ማወቅ አያስፈልግም፤ አምስት ቃል ይበቃል። «ሳን» በስም መጨረሻ ሲመጣ አቶ፣ ወይዘሮ፣ እርስዎ ነው። «ሳማ» ከዚያም ከፍ ይላል። «ኩን» ብዙ ጊዜ ለወንድ ልጅ፣ ለታናሽ ወይም ለእኩያ ነው። «ቻን» ደግሞ እኛ ሕፃንን ወይም የምንወደውን ሰው በቁልምጫ የምንጠራበት ነው። አምስተኛው «ሰንሰይ» ነው፤ ለመምህርም፣ ለሐኪምም ይሆናል።

በተለይ ምንም ሳይኖረው ስሙ ብቻ ሲጠራ ልብ በሉ። ጃፓኖች መጀመሪያ የሚጠራሩት በቤተሰብ ስም ነው። እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ ይህን ያጠፋዋል፤ ሰውዬው የቤተሰብ ስሟን ከነ «ሳን» ሲጠራ ሰብታይትሉ የራሷን ስም ይጽፋል። ያኔ ስድስት ክፍል ሙሉ «እርስዎ» ሲላት የነበረ ሰው በሰባተኛው «አንቺ» ሲላት ፈረንጁ ተመልካች ምን እንደተፈጠረ አያውቅም። እኛ እናውቃለን። ጎረቤቴ የነበረ ልጅ አንቱታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ትቶ «አንቺ» ያለኝን ቀን ዛሬም አስታውሰዋለሁ። መሳሳሙ ደረቅ ነው ብሎ የሚያማርር ሰው መሳሳሙን ፈልጎ ነው ይሄ ያመለጠው። በ«ማዘር» ደግሞ ልጅቷ «ሰንሰይ»ን ትታ «ኦካአሳን» ስትል መጣ። ለመተርጎም አፌን ስከፍት እናቴ እጇን አነሳች። «ተዪው፣ ገብቶኛል፤ እማዬ አለቻት።»

ሌላም የሚያቀርበን ነገር አለ። የማያውቁትን ትልቅ ሰው አጎት፣ አክስት፣ ታላቅ እህት ብለው ይጠራሉ፤ «ኦጂሳን»፣ «ኦባሳን»፣ «ኦኔሳን»። እኔ ለእናቴ ጋሼ፣ እትዬ እያልኩ ነው የምመልሰው። ቁጭ ይልበታል።

አሁን ወደ ዝምታው። ሰው ሲናገር አፉን እናያለን። ዝም ሲል የት እንይ? እጁን፣ ጀርባውንና ጫማውን ተመልከቱ። የጃፓን ቤት መግቢያ ላይ ጫማ ይወልቃል። በር ተከፍቶ ካሜራው ወደ ታች ካየ ጫማ ቁጠሩ፤ ማን ቤት ውስጥ እንዳለ ከባለቤቱ በፊት ታውቃላችሁ። ጎንበስ ሲሉ ጥልቀቱን እዩ፣ ስንት ጊዜ ዝቅ እንዳሉም እዩ። ግንባርን መሬት አስነክቶ መንበርከክ ደግሞ «ዶገዛ» ይባላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቅ በእኛ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ክብደቱ ይገባዋል።

ለዚህ «ሃንዛዋ ናኦኪ»ን እዩ። የ2013 ነው፣ 10 ክፍል፣ ስለ ባንክ ሠራተኞች። በቶኪዮ አካባቢ የመጨረሻው ክፍል 42.2 በመቶ የተመልካች መጠን አግኝቷል። ታሪኩ ሁሉ የሚሄደው አንድ ኃላፊ እንዲንበረከክ ወደማድረግ ነው። እዚህ ዝምታ የለም፤ ዓይን ይፈጣል፣ ድምፅ ይንቀጠቀጣል። «ያበዙታል» የሚባለው ይኸው ነው። ግን ከተዋናዮቹ መካከል ካቡኪ ከሚባለው የቆየ ቲያትራቸው የመጡ አሉ፤ ያ ቲያትር ፊትን አፍጥጦ መቆምን እንደ ጥበብ የሚቆጥር ነው። ጉዳዩን ከመድረክ እንደመጣ አድርጋችሁ ስታዩት አያስከፋም። ለወንዶች ደንበኞቼ የምሰጠው እሱን ነው፤ ቀዘቀዘብኝ ያለ እስካሁን የለም።

ከሁሉ በላይ ግን ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ አንድ ሎሚ ነው።

«ኳርቴት» የሚባል የ2017 ድራማ አለ፣ ይሄም የሳካሞቶ ነው። አራት ሙዚቀኞች በክረምት ካሩይዛዋ በሚባል ደጋ ላይ አንድ ቤት ውስጥ አብረው ይኖራሉ። በመጀመሪያው ክፍል ላይ ማዕድ ቀርቦ ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ የተጠበሰ ዶሮ በአንድ ሳህን አለ። ማንም ሳይጠየቅ ሎሚ ይጨመቅበታል። ከመካከላቸው አንዱ ደነገጠ። ለምን ሳትጠይቁ? ይላል። ይታጠባል እንዴ? ወደነበረበት ይመለሳል? ክርክሩ ደቂቃዎች ይወስዳል። በጀመርኩ ጊዜ ድራማውን የተውኩት እዚህ አካባቢ ነው። ስለ ሎሚ ይሄ ሁሉ ወሬ ምን ይሉታል ብዬ።

ሁለተኛ ጊዜ ከእናቴ ጋር ሳየው ሌላ ነገር ሆነ። ከአራቱ አንዷ እንዲህ የሚል ሐሳብ ታመጣለች፤ «ሎሚ ይጨመቅ?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ማስገደድ ነው። እንዲያ የተጠየቀ ሰው «ግድ የለም፣ ይጨመቅ» ከማለት ሌላ አፍ የለውም። ትክክለኛው «ሎሚ አለ አይደል?» ማለት ነው። ሌላው «አዎ፣ ሎሚ አለ» ይላል። በቃ። ከዚያ የፈለገ ለራሱ ይጨምቃል።

እናቴ ወዲያው «ትክክል!» አለች። «እንግዳን ትበላለህ ብለሽ ትጠይቂያለሽ እንዴ? ይሉኝታ ይዞት ጠግቤያለሁ ነው የሚልሽ።»

ይሉኝታ! ሳምንታት ስፈልገው የነበረው ቃል ይሄ ነበር። ፈረንጅ ይህን ቃል በአንድ ቃል መተርጎም አይችልም፤ እኛ ግን ወተት ስንጠባ ጀምሮ እናውቀዋለን። የጃፓን ድራማ ግማሹ በይሉኝታ የተያዘ ሰው ታሪክ ነው። የሚወደውን አይናገርም፣ የማይፈልገውን እሺ ይላል፣ የተከፋበትን ይስቅበታል። ያቺው ሴት በዚያው ክፍል ስለ ባሏ ታወራለች። ለረጅም ጊዜ ዶሮው ላይ ሎሚ ስትጨምቅለት ኖራለች። አንድ ቀን ባሏ እሷ መኖሯን ሳያውቅ ለሌላ ሰው «እኔ ሎሚ አልወድም» ሲል ሰማችው። ይሄው ነው። ጩኸት የለም፣ የወደቀ ብርጭቆ የለም። ሎሚው ግን ትዳሩን ሁሉ ነግሮናል።

ስለዚህ አንድ ነገር ያለ ቅጥ ትንሽ ሆኖ ሳለ ብዙ ከተወራበት አትዝለሉት። ሰሙ ሎሚ ነው፤ ወርቁን ፈልጉ።

ምግብ ካነሳን አይቀር፣ የጃፓን ድራማ ለሚያስፈራው ሰው ሁሉ «ሚድናይት ዳይነር»ን እሰጣለሁ። በጃፓንኛ «ሺንያ ሾኩዶ» ይባላል፤ የእኩለ ሌሊት ምግብ ቤት ማለት ነው። በ2009 ነው የጀመረው። በ2016 እና በ2019 ደግሞ ኔትፍሊክስ ላይ ወጥቷል። ክፍሎቹ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ናቸው፤ እያንዳንዱ ለብቻው የሚቆም ታሪክ ነው። ጠባብ ቤት፣ ዙሪያውን የሚቀመጡበት ባንኮኒ፣ ዓይኑ ላይ ጠባሳ ያለው ምግብ አብሳይ። የጠባሳውን ምክንያት አይነግሩንም። በዝርዝሩ ላይ ያለው ምግብ አንድ ሾርባ ብቻ ነው፤ ሌላውን ግን ዕቃው ካለው የጠየቁትን ይሠራል። ሾርባው የአሳማ ሥጋ አለበት። ቤታችሁ ትልቅ ሰው ካለ ቀድማችሁ ንገሩ፤ እናቴ የመጀመሪያውን ቀን አማትባ ነው ያየችው። አሁን ሰዎቹን እንጂ ድስቱን አታይም።

በውጭ አገር ካሉ ተመልካቾች ዘንድ ከጃፓን ድራማዎች ሁሉ ይህን ያህል በቀላሉ የሚወደድ ጥቂት ነው። ኮሪያም ቻይናም የራሳቸውን ሠርተዋል። የቻይናውን በ2017 ያዩት ቻይናውያን ራሳቸው በጣም ወቀሱት። የጃፓኑን ባንኮኒና ልብስ እንዳለ ገለበጣችሁ፤ የእኛ ሰው ሌሊት የሚበላበት የመንገድ ዳር ምግብ የት አለ? አሉ። ይህን ሳነብ ስለ እኛ አሰብኩ። የአዲስ አበባው ቢሠራ ባንኮኒ አይኖረውም። ትሪ ነው የሚሆነው፣ ከማያውቁት ሰው ጋር አብሮ የሚበላበት።

«ኦሺን»ንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ከ1983 እስከ 1984 በየጠዋቱ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ የታየ፣ 297 ክፍል ያለው ድራማ ነው። ከድሃ ገበሬ ቤት ለሥራ የተሰጠች ልጅ እስክታረጅ ድረስ ይከተላታል። ከ60 በላይ አገሮች ተመልክተውታል። በኢራን ያለው ነገር ግን እንደ ልብስ ሰፊ ልቤን ነካኝ። የኦሺን የባሏ ቤተሰብ ስም ታኖኩራ ነው፤ እሷም ልብስ ትነግዳለች። ኢራኖች ድራማውን ካዩ በኋላ ያገለገለ ልብስ መሸጫውን «ታናኩራ» ማለት ጀመሩ። እኛ ሳልባጅ እንደምንለው ማለት ነው። የአንዲት ልብ ወለድ ሴት ስም በሌላ አገር ገበያ ላይ ቀረ። ርዝመቱን ግን አስቡበት፤ ለጀማሪ አይሆንም።

«ሾጉን»ንስ? ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። በ2024 18 የኤሚ ሽልማት የወሰደው ማለታቸው ነው። ጥሩ ነው፣ እዩት። ግን የአሜሪካ ሥራ ነው፤ ቋንቋው በአብዛኛው ጃፓንኛ ስለሆነ ብቻ ከእነዚህ ጋር አትመድቡት።

መጨረሻው ይከፋችኋል። ይህን አልደብቃችሁም። ያልተጋቡ ሁለት ሰዎች ባቡር ጣቢያ ላይ ተሰነባብተው ያልቃል። ወይ ሁሉም እንደ ወትሮው ወደ ሥራ ይሄዳል። እኔ ያደረግኩት ወዲያው ሌላ አለመጀመር ነው። አንድ ሁለት ቀን ተዉት። እጃችሁ ሥራ ላይ ሆኖ ይመጣላችኋል። እኔ የሆነ ሰው ጃኬት ገበር እየቀየርኩ ነው የ«ኳርቴት» መጨረሻ የገባኝ።

በ«ማዘር» ውስጥ ልጅቷ የምትወዳቸውን ነገሮች የምትጽፍበት ደብተር አላት። የምትጠላው ነገር አይጻፍበትም። የሚዞር ወንበር አለበት። የሚጣፍጥ ክሬም ሶዳ አለበት። የሚጠመዘዝ ዳገት አለበት። እናቴ ያንን ክፍል ካየች በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «የኔንም ጻፊልኝ» አለችኝ። በአቅራቢያዬ የነበረው የደንበኞቼን ልኬት የምመዘግብበት ደብተር ነው። በመጨረሻው ገጽ ጻፍኩት። የእሪ በከንቱ ዳገት። ዝናብ ሊጥል ሲል ያለው የአፈር ሽታ። ቶና። የድሮ ቤታችን ደጃፍ። አባቴ ሲያስነጥስ። እስካሁን አሥራ ዘጠኝ ደርሰዋል፤ አዲስ ሲመጣላት በምሠራበት ሰዓት ትደውልልኛለች።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ስለ ሰዓት። ቶኪዮ ከእኛ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በስድስት ይለያል። ውጤቱን ቁጭ ብዬ ሳሰላው ማመን አቃተኝ። በአበሻ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓትና የቶኪዮ ሰዓት ሁሌም አንድ ቁጥር ላይ ናቸው። ቶኪዮ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ስንል እነሱ ዘጠኝ ይላሉ፤ ያኔ እዚህ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የታወቀው የሰኞ ማታ ድራማቸው ሲጀምር እኔ ሱቅ ውስጥ ነኝ፣ ግድግዳዬ ላይ ያለው ሰዓትም ዘጠኝ ይላል።

ያ ባለ ጠባሳው ሰውዬ ምግብ ቤቱን የሚከፍተው እኩለ ሌሊት ነው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። ይህን ለእናቴ ነገርኳት። አሁን አመሻሽ ላይ ሱቄን ቆልፌ ቤት ስገባ መብራት ሳታበራ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ አገኛታለሁ። ሰዓቱን ቀና ብላ ታያለች።

«አሥራ ሁለት ሆነ» ትላለች። «ሰውዬው ከፍቷል።»